የዓሊማ ምንጭ

ሰኔ 9 ቀን 2002

ጠዋት ግድቡን ዞርኩት። ከጫፍ እስከ ጫፍ መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ… ትናንትም ያው ነበር፣ ነገም ያው ነው። ካልቆጠርኩ ግን ቁርስ አይዋጥልኝም። ውሃው ጉልበት አይደርስም። እንዲያውም ጭቃ ነው። ባለፈው ታኅሣሥ ላይ ጭራሹን ደርቆ የማንጎ ችግኞቼ እንደ ቆሙ ተቃጠሉ። የጎረቤቴ የረመዳን ሁለት ላሞች የሞቱትም ያኔ ነው።

ሚስቴ ከፈለች "ያ ጉድጓድህ" ነው የምትለው። ትበል። ሠላሳ አንድ ዓመት ቆቦ ላይ ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ጡረታ ሲወጣ በአባቱ መሬት ላይ ውሃ ቢያቁር ምን ነውር አለው? ዶዘሩ ከመንገድ ሥራው የተገኘው ለሁለት ቀን ብቻ ነበር። የቀረውን እኔና ረመዳን ነን የሠራነው። አፈሩን ደልድለን፣ ውሃ አርከፍክፈን፣ የሱን ከብቶች ከላዩ ላይ እያመላለስን አስረገጥነው፤ አውድማ ላይ እህል እንደሚበራይ። "ግድቡን የሠሩት በሬዎቼ ናቸው፤ አንተ ጸሐፊ ነበርክ" እያለ ያሾፍብኛል። አብሮ አደጌ ነው፤ ያሻውን ይበል።

ቤቱ ከግድቡ በታች ነው፣ ሸለቆው አልቆ ሜዳው የሚጀምርበት ላይ። እሱና ሚስቱ ዓሊማ ብቻ ናቸው ያሉት። ልጆቻቸው ተድረው ሮቢት ናቸው። የኛ ቤት ከላይ ጉብታው ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ሳያንኳኳ ገብቶ ይቀመጣል። ከፈለችም ሳትጠይቅ ትቀዳለታለች።

ሰኔ 14

ዛሬ ማስተንፈሻውን ዘጋነው። በግድቡ ቀኝ ጫፍ ያለው ዝቅ ያለ ቦይ ነው፤ ውሃው ከሞላ በዚያ እንዲወጣ ተብሎ የተተወ። አሥራ ስምንት ማዳበሪያ አፈር ሞልተን ደረደርንበት። ክንድ ከስንዝር ከፍ አልን።

የረመዳን አባት በዘመናቸው የውሃ አባት ነበሩ። ጎርፍ ከዞብል ተራራ ሲወርድ ለየማሳው የሚያከፋፍሉት እሳቸው ናቸው። "አባቴ ቢኖሩ" አለ ማዳበሪያውን ከትከሻው እያወረደ፣ "በማሳው በር ጎርፍ ሳይጠልፍ ያሳለፈ ሰው ወጠጤ ነበር የሚቀጡት። አንተ ደግሞ ተምረህ ተምረህ ማሳለፊያ ቦይ ትቆፍራለህ!"

ሳቅን። እውነቱን ነው እኮ። እዚህ አገር ጎርፍ ይጠበቃል እንጂ አይሸኝም። እባብ ያየ በልጥ በረየ… አምና ድርቅ ያየ ሰው ዘንድሮ ጠብታ አያሳልፍም።

ሰኔ 28

ገባ! ሌሊቱን ተራራው ሲያጓራ አድሮ ጠዋት ብንወጣ ግማሽ ድረስ ሞልቷል። ቀይ ወጥ መስሏል። ረመዳን ጫማውን አውልቆ ገባበት። ስድሳ ዓመት የሞላው ሰው! ዓሊማ ከታች "ኧረ ሰው ያይሃል" እያለች ትጮኻለች። እኔም ገባሁ። ከፈለች ሁለታችንንም አኮረፈችን።

ሐምሌ 6

ዓሊማ እየሮጠች መጣች። የደነገጠች መስሎኝ ነበር። ለካ ደስ ብሏት ነው።

"አያ እሸቴ፣ ና እይ! ምንጭ ወጣ!"

ወረድኩ። ከግድቡ ግርጌ፣ ሣሩ መካከል፣ እንደ አውራ ጣት ውፍረት ውሃ ይፈልቃል። ኩልል ያለ። ላዩ እንደዚያ ደም መስሎ ሥሩ እንዲህ የጠራ! ቀመስኩት። ጣፋጭ ነው። እሷ ሁለት እጇን አርጥባ ፊቷን አብሳ "አልሐምዱሊላህ" አለች። ዕድሜዋን ሙሉ ለውሃ ስትሄድ ኖራለች፤ ወንዙ ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ነው። ያውም በደህናው ጊዜ።

"አያ እሸቴ፣ አላህ በደጄ አመጣልኝ" አለች።

አላህና እኔ፣ ልል አሰብኩና ተውኩት።

ሐምሌ 7

ምንጩን ለማየት ሁለቴ ወረድኩ። ሦስቴ እንኳ ይሆናል።

ሐምሌ 13

ምንጩን አሳመርኩት። ዙሪያውን ክንድ ያህል ቆፈርኩ፣ ድንጋይ ደረደርኩ፣ ቁራጭ ቧንቧ አስገባሁበት። በቆፈርኩ ቁጥር ውሃው ይጨምራል። አሁን ጀሪካን በአፍታ ይሞላል። ከሰፈሩ ሴቶች መምጣት ጀምረዋል። ክርስቲያንም እስላምም ተራ ይዘው ይቀዳሉ። "የዓሊማ ምንጭ" ብለውታል። እሷም ከታች በኩል ተቀምጣ ተራ ታስይዛለች፣ የተጣላ ታስታርቃለች፤ ዳኛ ሆናለች። ሰው እንዲህ በአንድ ሳምንት ያምርበታል?

እኔም ኮራሁ። ምኑን ልዋሽ… በጣም ኮራሁ።

ሐምሌ 22

የመስኖ ባለሙያ መጣች። በሞተር ብስክሌት፣ ጭቃ በጭቃ ሆና። ስሟ ፍሬዓለም። የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፤ የመጨረሻ ልጄን ብታህል ነው። ግድቦችንና ኩሬዎችን እየዞሩ እንዲያዩ ታዘው ነው አለች። ቅጽ ይዛለች። ላዩን ተራመደችበት። ማስተንፈሻው ጋ ስትደርስ ማዳበሪያዎቹን እያየች ቆመች። ከዚያ ወደ ምንጩ ወረደች።

ሴቶቹ ሄደዋል። ቁጭ ብላ ውሃውን በመዳፏ ያዘችው።

"ጋሼ፣ ይሄን ማን ቆፈረው?"

"እኔ።"

"ይሄ እኮ ምንጭ አይደለም። ግድብዎ ነው የሚያፈሰው።"

ሳቅኩ። ደብረ ማርቆስ ውሃ ሞልቷል፤ ስለ ምንጭ ከኛ ይልቅ ታውቂያለሽ ማለት ነው፣ አልኳት። አልተቆጣችም። ቢቆጡ ይሻል ነበር እነዚህ ልጆች።

"ውሃው በግድቡ ሆድ መንገድ አግኝቷል። ኩልል ብሎ እስከ ወጣ ድረስ አፈር አልያዘም፤ ጊዜ አለዎት። የደፈረሰ ቀን ግን ከውስጥ እየበላው ነው ማለት ነው። ያን ቀን ጊዜ የለዎትም።"

ከዚያ ትእዛዙ። ማዳበሪያው ይነሳ። ውሃው ዝቅ ይበል። የቆፈርኩት ጉድጓድ በአሸዋና በጠጠር ይሞላ። ጠዋት ጠዋት በብርጭቆ እየቀዳሁ ብርሃን ላይ እንድመለከት። ከደፈረሰ ሰው ከታች እንዲወጣና እንድደውልላት። ስልኳን ቅጹ ጫፍ ላይ ጽፋ ቀድዳ ሰጠችኝ።

"ከታች ላሉት ሰዎችም ይንገሯቸው፣ እባክዎ።"

"እነግራለሁ" አልኳት።

ማታ ረመዳን መጥቶ "ምን አለች ያቺ ልጅ?" ሲለኝ "ምን ትላለች፣ ወረቀት ሞልታ ሄደች" አልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እንጃ። ዓሊማን "ምንጭሽ ምንጭ አይደለም፤ ተመልሰሽ ወንዝ ውረጂ" ልበላት? ለረመዳንስ "ያን ሁሉ አፈር የተሸከምነው በከንቱ ነው፤ የሞላውን ውሃ እንልቀቀው" ልበለው? ነሐሴ ገና ነው። ዝናቡ ቢቆምስ? አምና ሐምሌ ዘንቦ ነሐሴ ላይ አይደል የከዳን?

ሐምሌ 23

በብርጭቆ አየሁ። የጠራ።

ሐምሌ 24

የጠራ።

ሐምሌ 29

የጠራ። ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ ባስቀምጠው ማዶ የዞብልን ተራራ ያሳየኛል። እንዲህ ያለ ውሃ ነው ግድብ የሚያፈርሰው? ትምህርት ቤት ሳለሁ የተማሪ ፈተና ሳርም እንዲህ ያለ መልስ ይገጥመኝ ነበር። ካነበቡት የበለጠ የሚያውቁ ልጆች መልስ።

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። ዝናቡ ያለ ማቋረጥ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ውሃው ማዳበሪያዎቹን ነካ። ማስተንፈሻው ክፍት ቢሆን ትናንት መውጣት ይጀምር ነበር… አልወጣም። ሁሉም የኛ ነው። ብርጭቆው የጠራ።

ነሐሴ 5

እነ ረመዳንም ፆም ያዙ። ዘንድሮ ፆማችን ገጠመ። ከፈለች ፆመኛ፣ ዓሊማ ፆመኛ፣ እኔ ግማሽ ፆመኛ። ረመዳን "አንተ እኮ ሽሮ እየበላህ ነው ፆምኩ የምትል" ይለኛል። "አንተስ ጀምበር እስክትጠልቅ ጠብቀህ የቀኑንም የሌሊቱንም አንድ ላይ ታነሳው የለ" አልኩት። ዓሊማ በሳቅ ሞተች። ምንጩ አጠገብ ነበርን። ለማፍጠሪያ ከዚህ ውሃ በቀር አትጠጣም፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ወርዳ ትቀዳለች። እቤት የዋለ ውሃ ይሞቃል አለች።

ነሐሴ 8

የጠራ። ግን በዝቷል። ከቧንቧው ውጭም በድንጋዮቹ መካከል ይወጣል።

ነሐሴ 11

ብርጭቆው ሥር አፈር አየሁ።

ስስ ነው። የጥፍር ውፍረት አይሆንም። ጠዋት ቀድቼ መስኮቱ ላይ አስቀምጬው ነበር። ቀትር ላይ ሳየው ሥሩ ላይ ቀይ ቀለበት ሠርቷል።

ወረድኩ። ዓሊማ እዚያው ነበረች።

"ዛሬስ ትንሽ ደፍርሳለች፣ አያ እሸቴ።"

"ዝናቡ ነው" አልኳት። "ጎርፉ ከላይ ገብቶባት ነው። አጥልለሽ ጠጪው።"

"እሺ" አለች።

ነሐሴ 12

የበለጠ ደፍርሷል። ወደ ቆቦ ደወልኩ፣ ለዚያች ልጅ። ጠራ። ሦስቴ ጠራ። ዘጋሁት።

ምን ልበላት? "ያልሽውን አንድም አላደረግኩም፤ አሁን ነይ" ልበላት?

ነገ ማዳበሪያዎቹን አነሳለሁ። ነገ ቡሄ ነው… ቢሆንም አነሳለሁ። ውሃው ቀስ ብሎ ይውረድ። ለረመዳን ኋላ እነግረዋለሁ። ከፈለች ራት ላይ አየችኝና "ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው" አለች። ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ነሐሴ 13

ዓሊማ።

ነሐሴ 17

ዛሬ እጄ ትንሽ እሺ አለኝ። ልጻፈው። ለማን እንደሆነ አላውቅም።

ሐሙስ ቀን ጠዋት ማዳበሪያውን ላነሳ ወጣሁ። ዘነበ። ተመለስኩ። ካባራ በኋላ አነሳለሁ እያልኩ እህል ስፈትግ፣ አጥር ሳስተካክል ዋልኩ። ለምን እንደሆነ ራሴን ስጠይቅ… ረመዳን እንዳያየኝ ነበር። ከቀትር በኋላ ለዐስር ሶላት ወደ መስጊድ ሲሄድ ጠብቄ ነው ዶማ ይዤ የወጣሁት። እንደ ሌባ። በገዛ ግድቤ።

አራተኛውን ማዳበሪያ ሳነሳ ነው ያየሁት። ከግድቡ መካከል፣ ላዩ ላይ፣ አፈሩ ሰርጎ እንቅብ የሚያህል ጉድጓድ ሆኗል። ስመለከተው ሰፋ። ወደ ታች ሳይ ዓሊማ ምንጩ አጠገብ ጎንበስ ብላለች። አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። ቢጫው ጀሪካን አጠገቧ ነው።

ጮህኩ። "ውጪ! ዓሊማ፣ ውጪ!" አልኳት። ውሃው እየጮኸ ነበር፤ አልሰማችኝም። ቀና አለች። እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች። ልትሰማኝ። ቆማ ጠበቀችኝ።

ግድቡ ከመካከሉ ሄደ። የፈጀው ጊዜ አንድ አባታችን ሆይ አያስደግምም።

የረመዳን ቤት ጓሮው በኩል ተወሰደ። ማሽላው እስከ ሜዳው ድረስ ጭቃ ለብሷል። እሷን በማግሥቱ ጠዋት ነው ያገኘናት፣ ከማሳው በታች፣ ከአንድ ግራር ሥር። ያገኛት ረመዳን ነው። ነጠላዋ ከግራሩ ተይዞ ነበር። ራሱ ሸፈናት። እኔ ቆሜ ነበር። እጄ ላይ ምንም አልነበረም፤ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

አርብ ቀበርናት።

"አጥልለሽ ጠጪው" ነው ያልኳት። ሌላ ቃል መናገር እችል ነበር።

ነሐሴ 21

ለቅሶው ላይ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከረመዳን አጠገብ እቀመጣለሁ። ሰው የሚያጽናናው እሱን ነው። እሱ የሚያጽናናው እኔን ነው።

"አብሽር፣ እሸቴ። ቀደር ነው። አላህ የወሰነው ቀኗ ነው። ሼኩ ነግረውኛል፣ ውሃ የወሰደው ሰው ሸሂድ ነው፣ እናንተ ሰማዕት እንደምትሉት። ያውም በፆም። ያውም የማፍጠሪያ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ… ከዚህ የበለጠ ምን ሞት አለ? ግድብህም ሄደ፣ አንተም ተጎዳህ። አብሽር።"

ግድብህም ሄደ አለኝ። አዘነልኝ!

ነሐሴ 26

ፍሬዓለም መጣች። ሞተሩን ከሩቅ አቁማ በእግሯ ነው የመጣችው። የተሰበረውን ቦታ አየች። ቁጭ ብላ አለቀሰች። ተመልሼ መምጣት ነበረብኝ፣ የትእዛዝ ደብዳቤ በእጄ ይዤ መምጣት ነበረብኝ፣ ትላለች። ሞተሩ ተበላሽቶ ሁለት ሳምንት ቆሞ ነበር። ልጅቷ ጥፋተኛ ፍለጋ ራሷ ላይ ደረሰች።

ከዚያ ጠየቀችኝ። "ጋሼ፣ ደፍርሶ ነበር እንዴ?"

"አላየሁም" አልኳት።

ቅጹ ላይ ጻፈችው።

ጳጉሜ 5

ኢድ። ነገ ደግሞ እንቁጣጣሽ። በየዓመቱ ኢድ ጠዋት ረመዳን ቤት ነው የምውለው። ዘንድሮ አይጠራኝም ብዬ ነበር። የተረፈችው ክፍል ውስጥ ምንጣፍ ዘርግቶ ልጆቹን አስቀምጦ ሰው ላከብኝ። ሄድኩ። ለእኔ ለብቻ በክርስቲያን እጅ አሳርዶ አሠርቶልኛል፣ እንደ ድሮው። እሱን ማሠራት የዓሊማ ሥራ ነበር። ልጁ ሳሊሀ እጄን አስታጠበችኝ። እናቷን ትመስላለች፤ ቀና ስትል።

ጎረስኩ። ምን እንደ በላሁ አላውቅም።

"ጠፍተህብኛል" አለኝ ረመዳን። "ጠዋት ስመጣ ተኝቷል ትለኛለች ከፈለች። አንተ መቼ ነው ጠዋት የተኛኸው?"

መስከረም 1 ቀን 2003

ከፈለች አበባ አልጎዘጎዘችም። ጠዋት ጓዳ ገብታ ያን ብርጭቆ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። አጥባዋለች።

"መስኮቱ ላይ ሳለ አይቼዋለሁ" አለች። "አፈሩን።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"አንተ መምህር አይደለህ? ታውቃለህ ብዬ።"

ብርጭቆውን አንስቼ መስኮቱ ላይ መለስኩት። ምሳ ከማቅረቧ በፊት እንዲህ አለችኝ፦

"ንገረው። ያልነገርከው ሰው ማዕድ ላይ እንዴት ትጎርሳለህ?"

መስከረም 9

አልነገርኩትም። ዛሬም መጥቶ ተቀመጠ። ከዚያ ቤቱ ወርደን የፈረሰውን ግድግዳ አብረን እናነሳ ነበር፣ ጭቃ እያቀበልኩት። ምን ብዬ ልጀምር? አብሽር በሚለኝ ሰው ፊት?

ደግሞ አንድ ክፉ ሐሳብ አለ። ልጻፈው። እሱ ተጽናንቷል። ቀደር ብሎ ይተኛል። እኔ ብናገር የሚቀለው ለማን ነው? ለእኔ አይደለም? እንዲህ እላለሁ… ከዚያ ደግሞ ይሄ የፈሪ ሒሳብ ነው እላለሁ። የቱ እንደሆነ አልለየልኝም።

መስከረም 24

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። በስሕተትም ይሁን ሰው ከሞተ በአስታራቂዎቹ በአበጋሮቹ ፊት ደሙ ካልደረቀ ነገሩ አላለቀም፤ ነገ የልጅ ልጅ ያነሳዋል። ከእስላሙ ሼኽ ሙሐመድአሚን፣ ከክርስቲያኑ መሪጌታ ይሁኔ። በሸንጎው ግራር ሥር፣ ሁለቱ ወገን ፊት ለፊት።

ሼኩ ጠየቁ። "ከሟች ወገን የሚጠየቅ ደም አለ?"

ረመዳን ተነሳ። "የለም፣ አባቴ። ወንድሜ ነው። ቀደር ነው።"

"ቂምስ?"

"ቂምም የለም።"

"እንግዲያስ ፋቲሃ እናድርግ" ብለው ለጸሎት እጃቸውን ዘረጉ። ሁሉም ዘረጋ። መሪጌታም አቡነ ዘበሰማያት ማለት ጀመሩ። የእኔ እጅ አልዘረጋ አለኝ።

"አንድ ጊዜ" አልኩ።

ተናገርኩ። ልጅቷ ምን እንዳለችኝ፣ እነግራለሁ ብዬ አለመናገሬን። ብርጭቆውን። ስልኩን ደውዬ መዝጋቴን። "አጥልለሽ ጠጪው" ማለቴን። ሐሙስ ዕለት እሱ መስጊድ እስኪሄድ መጠበቄን። ለፍሬዓለም መዋሸቴን። አንዱንም አልዘለልኩም። ድምፄ ክፍል ውስጥ እንደማስተምር ሆኖ ሲወጣ ሰማሁት፤ ጠላሁት።

ሼኩ እጃቸውን ቀስ ብለው አጠፉ። "ረመዳን… ምን ትላለህ?" አሉት።

ረመዳን ዱላውን አነሳና ሄደ። ፋቲሃው ሳይደረግ ተበተንን።

መስከረም 25

ቆቦ ሄድኩ። ለፍሬዓለም እውነቱን ነገርኳት። አዲስ ቅጽ አውጥታ ጻፈች፤ ፈረምኩበት። "ሌሎቹ ባለግድቦች ጋ ሄጄ የማነብላቸው ወረቀት አገኘሁ" አለች። ከዚያ ሻይ ልጋብዝዎ አለችኝ። እምቢ አልኩ። ለምን እምቢ እንዳልኩ በመንገድ ሁሉ ሳስብ መጣሁ።

ጥቅምት 3

ሴቶቹ ወንዝ መውረድ ጀምረዋል። ከፈለችም ከነሱ ጋር ትሄዳለች። አህያ እንጫን ብላት በጀርባዬ ነው የምሸከም አለች። ምክንያቱን ለእኔ አትናገርም። ለእኔ ብላ እንደሆነ፣ በእኔ ተቆጥታ እንደሆነ አላውቅም።

ረመዳን አልመጣም። ዘጠኝ ቀን ሆነው።

ጥቅምት 11

ዛሬም አልመጣም። ከፈለች ጠዋት ጠዋት ሁለት ስኒ ታወጣለች፤ አንዱን መልሳ ትከታለች።

ጥቅምት 19

መጣ።

ጠዋት ነው። የአጥሩ በር ሲንኳኳ ሰማሁ። የሚያንኳኳ ሰው ስለሌለን ማን ይሆን ብዬ ወጣሁ። እሱ ነው። ዱላውን ተደግፎ ከበሩ ውጭ ቆሟል። ከስቷል። ጢሙ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል፤ ወይስ ድሮም ነበር?

"የተረፈው ማሽላ ሲታጨድ ሮቢት ልጄ ጋ ልሄድ ነው" አለኝ። "ቤቱን አልጨርሰውም።"

"እሺ" አልኩት።

ከዚያ ወደ ግድቡ በኩል እያየ፣ ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር፣ እንዲህ አለ፦

"ደም አልጠይቅህም። ለሼኩም ይህንኑ ነግሬአለሁ። አንተን ደግሞ ልጠላህ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም፤ ማዳበሪያውን አብሬህ ተሸክሜያለሁ። በማሳው በር ጎርፍ ያሳለፈ ወጠጤ ይቀጣል ያልኩህ እኔ ነኝ። እስከዛሬ ያ ቀልድ ነበር። አሁን ሌሊት እየተነሳሁ አስበዋለሁ።"

"ረመዳን…"

"ቆይ። ቀደር ነው ብዬ ነበር የምተኛው፣ እሸቴ። ሸሂድ ናት ብዬ። ሌላ ምንም አልነበረኝም። እሱን ባትወስድብኝ ምን ነበረበት?"

መናገር ነበረብኝ፤ ዛሬም ቢሆን እናገራለሁ። እሱም እውነቱን ነው።

ከፈለች ከኋላዬ በርጩማ ይዛ ወጣች፤ አጠገቡ አስቀመጠችለት። አልተቀመጠም።

ግባ አልኩት። አልገባም።